ቆዳ የለበሱት ኤሊዎች፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትማችን ስለ ውሃ ኤሊዎች ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን ብለን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ያጠነጠኑት በአንድ ወገን ላይ ሆኖ አገኘነው፤ ጀርባቸው በጠንካራ ንጣፍ ፈንታ በቆዳ በተሸፈነው፣ በተለምዶ ለስላሳ ቅርፊት በሚባሉት ላይ። ስለዚህ የዚህን ወር አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ኦሞራቴ አካባቢ ዓሣ እናጠምዳለን። ሰሞኑን መረባችን ውስጥ ጠፍጣፋ፣ የጀርባዋ ዳር ሲነካ የሚተጣጠፍ፣ አፍንጫዋ እንደ አሳማ ወደ ፊት የወጣ ትልቅ ኤሊ ገባች። አንዱ ጓደኛችን ሊያወጣት ሲሞክር ነክሳ እጁን አደማችው። ምን ዓይነት ኤሊ ናት? መርዝ አላት? ሌላ ጊዜ ብትገባብን ሳትጎዳንና ሳንጎዳት እንዴት እንልቀቃት?

መልስ፦ መርዝስ የላትም። ጥርስም የላትም፤ ግን ከሥጋማው ከንፈሯ ሥር የተደበቀው የመንጋጋዋ ጠርዝ ስለታም ነው፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይሰብራል። የጓደኛችሁን ቁስል በሳሙናና በብዙ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት። ጥልቅ ከሆነ ወይም መገጣጠሚያ ላይ ካረፈ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ፣ የቲታነስ ክትባትም ይጠይቅ። የወንዝ ውሃ የገባበት የጣት ቁስል ከላይ የዳነ መስሎ ከውስጥ ያመረቅዛል።

የያዛችኋት የአባይ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ናት። ከግብፅ እስከ ምዕራብ አፍሪካ ባሉ ወንዞች፣ በኦሞና በቱርካና፣ እንዲሁም በምሥራቅ ሜዲትራኒያን ዳርቻ በእስራኤልና በቱርክ ትገኛለች። የጀርባዋ ርዝመት ብቻውን 90 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ፣ ክብደቷም ከ40 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። እግሮቿን ብታዩ ሰፋፊ መቅዘፊያ ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ደግሞ ሦስት ሦስት ጥፍር ብቻ አለ። በየኩሬው የምትታየው ትንሿ ጠንካራ ቅርፊት ኤሊ ግን በእያንዳንዱ እግሯ አምስት ጥፍር አላት፤ ስትፈራም አንገቷን ወደ ጎን አጥፋ ከቅርፊቷ ጠርዝ ሥር ትወሽቀዋለች። የእናንተዋ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ወደ ውስጥ ትስበዋለች። ጀርባዋ መሐሉ አጥንት ነው፤ ጠርዙ ግን አጥንት የሌለው ቆዳ ስለሆነ ነው የሚተጣጠፈው።

ጓደኛችሁ የተነከሰው እንደ ሌላ ኤሊ መስሎት ጎንና ጎኗን ስለያዛት ይመስለናል። የዚህች አንገት ረጅም ነው፤ ወደ ኋላ ሲዞር እስከ ጀርባዋ አጋማሽ ድረስ ያለውን ማንኛውንም ነገር ይደርስበታል። ስለዚህ እጅ የሚገባው ከኋላ ብቻ ነው፤ ከኋላ እግሮቿ በላይ ያለውን የጀርባ ጠርዝ ግራና ቀኝ አጥብቆ መያዝ። የኋላ ጥፍሯም ስለሚቧጭር እጅጌ ያለው ልብስ ይኑራችሁ። ከመንካታችሁ በፊት እርጥብ ጆንያ ራሷ ላይ ጣሉባት፤ ካላየች ትረጋጋለች። ከ15 ኪሎ በላይ የምትመስለውን በእጅ ለማንሳት አትሞክሩ፣ ጆንያ ላይ ገፍታችሁ አስገቡና ሁለት ሆናችሁ ጆንያውን ጎትቱት። በጅራት ማንጠልጠል አከርካሪዋን ይጎዳል። በጀርባዋ ገልብጦ መተውም ሳንባዋን በሆድ ዕቃዋ ክብደት ያስጨንቃል።

መረቡን ከእሷ ላይ ለማላቀቅ ከመጎተት መቁረጥ ይሻላል። ክሩ ሲጠብቅ ቆዳዋን እስከ ሥጋው ይበጣዋል፤ ቆዳዋ ሲቆስል ደግሞ ምን እንደሚከተል ከታች እንመለስበታለን። መንጠቆ ከሆነ የዋጠችውና ዓይነ መንጠቆው የሚታየው፣ ጫፉን ወደ ፊት ገፍቶ ማውጣት፣ ሹል መመለሻውን በፒንሳ መቁረጥ፣ ከዚያ ቀሪውን ወደ ኋላ ማውጣት ነው። ጉሮሮዋን አልፎ ከገባ ግን አትሳቡት። ክሩን በተቻለ መጠን አሳጥራችሁ ቁረጡና ልቀቋት፤ ረጅም ክር ትታችሁባት ከሄደች አንጀቷን ይሸበሽበዋል።

ከመረብ ስትወጣ የማትንቀሳቀስ ከሆነ ሞታለች ብላችሁ አትጣሏት፤ እንዳለች ወደ ውሃ መመለስም መግደል ነው። ሆዷን ወደ ታች አድርጋችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጧት፣ የኋላ አካሏን 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጉት፣ በሳንባዋ የገባው ውሃ በአፏ ይወርዳል። ጀርባዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ለባሕር ኤሊዎች የሚመከረው ይኸው አያያዝ ሲሆን፣ አንዳንዴ ነፍስ እስክትዘራ ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

ቆሞ የሚያድር የወጥመድ ቅርጫት የምትጠቀሙ ከሆነ ውስጡ ክዳኑ የተዘጋ ባዶ ጀሪካን አስገቡበት። ከላይ ጥቂት አየር ያለበት ቦታ ስለሚፈጥር የገባች ኤሊ እስክትደርሱ ድረስ አፍንጫዋን አውጥታ ትቆያለች።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሴንት ፖል፣ ሚኔሶታ ነው። በበጋ ሚሲሲፒ ዳር አሸዋው ላይ ፀሐይ የሚሞቁ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎች አያለሁ፣ ስጠጋቸው ሽው ብለው ይገባሉ። በብርዱ ወራት ወንዙ በበረዶ ሲሸፈን የት ይሄዳሉ? ሳንባ ያለው እንስሳ አምስት ወር ሙሉ ሳይተነፍስ እንዴት ይኖራል?

መልስ፦ ከወንዙ ግርጌ አሸዋና ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ይከርማሉ፤ እርስዎ ዘንድ ያሉት ባለ እሾህና ባለ ለስላሳ ጠርዝ የሚባሉት ሁለቱም ዝርያዎች። ሳንባ ቢኖራቸውም መተንፈሻቸው እሱ ብቻ አይደለም።

ቆዳቸው ቀጭን፣ ከሥሩም በደም ሥር የተሞላ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን በቀጥታ በቆዳቸው ያልፋል። ሁለተኛው መንገድ ጉሮሮ ነው። የጉሮሯቸው ግድግዳ በጥቃቅን ጣት መሰል ሥጋዎች የተሸፈነ ሲሆን፣ ኤሊዋ ውሃ በአፏ እየሳበች እየመለሰች እነዚህን ታጥባለች። ጥልቀት በሌለው ጥርት ያለ ውሃ ውስጥ በዝምታ የተኛችን ኤሊ አገጭ ሥር ቢያስተውሉ፣ ቆዳው ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ በአባይዋ ኤሊ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከውሃ ከምታገኘው ኦክስጅን 70 በመቶ ያህሉ በቆዳዋ፣ 30 በመቶው በጉሮሮዋ እንደሚገባ ተለክቷል።

በሞቃት ውሃ ይህ አይበቃትም፤ እየዋኘች፣ እያደነች ከሆነ ወደ ላይ ወጥታ አፍንጫዋን ብቻ ብቅ አድርጋ ትተነፍሳለች። (መረብ ውስጥ ስትታገል የምትታፈነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስትታገል የሚያስፈልጋት ኦክስጅን ከቆዳዋ ከሚገባው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።) ውሃው 3 ወይም 4 ዲግሪ ሲሆን ግን የሰውነቷ ሥራ እጅግ ስለሚቀንስ በቆዳ የሚገባው ያኖራታል።

ይህ ስጦታ ግን ዋጋ አለው። በዚያው በሚኔሶታ ኩሬዎች ውስጥ ባለ ቀለም የምትባለው ትንሽ ኤሊ ምንም ኦክስጅን በሌለው ቀዝቃዛ ጭቃ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ ትቆያለች። ለስላሳ ቅርፊቷ ኦክስጅን ከጠፋ ሁለት ሳምንት ገደማ ነው ዕድሜዋ። ምክንያቱ ቅርፊቱ ራሱ ነው። ኦክስጅን ሲጠፋ ሰውነት ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል፤ ባለ ቀለሟ ከወፍራም የአጥንት ቅርፊቷ ካርቦኔት እየለቀቀች አሲዱን ታበርዳለች፣ ራሱን አሲዱንም በቅርፊቷ ውስጥ ታከማቻለች። ለስላሳ ቅርፊቷ ይህን የምታደርግበት በቂ አጥንት የላትም። ለዚህ ነው በብርድ ወራት የቆመ፣ ቅጠል የበሰበሰበት ኩሬ የማይሆናት፤ የሚፈስ፣ ኦክስጅን ያለው ወንዝ ትፈልጋለች። ግድብ ተሠርቶ ወንዙ ሲረጋ በመጀመሪያ ከሚጠፉት አንዷ ብትሆን አይገርምም።

ጥያቄ፦ ከኔታንያ፣ እስራኤል ነው የምንጽፈው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን ይዘን ወደ አሌክሳንደር ወንዝ፣ የኤሊዎቹ ድልድይ እንሄዳለን። ልጆቹ ዳቦ ይጥሉላቸዋል፣ ኤሊዎቹም ይሰበሰባሉ። ችግር አለው? ባለፈው ሰኔ ደግሞ አንዷ ከወንዙ ወጥታ አፈር ስትቆፍር አይተን እንቁላሏን አውሬ እንዳይበላው ወደ ቤት ወስደን እናስፈልፍለው ተባባልን፤ ግን ሳንወስደው ቀረን።

መልስ፦ ከሁለተኛው እንጀምር፤ እንኳን አልወሰዳችሁት። በእስራኤል እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ እንቁላል መውሰድን ይከለክላል፣ ከሕጉ በፊት ግን ተፈጥሮውም አይፈቅድም። እንቁላሏ ድቡልቡል፣ ከ3 ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ፣ ቅርፊቱ ጠንካራና በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው። ከተጣለ ከአንድ ቀን በኋላ ፅንሱ ከላይኛው የቅርፊቱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። ሰው አንስቶ ሲያገላብጠው ፅንሱ ይላቀቅና ይሞታል፤ ከውጭ ሲታይ ግን እንቁላሉ ደህና ይመስላል። ባለሙያዎች ጎርፍ ከሚደርስበት ቦታ ማንሳት ግድ ሲሆንባቸው፣ ገና ሳይነሳ ላዩን በእርሳስ ምልክት አድርገው በዚያው አቅጣጫ ነው የሚያስቀምጡት።

አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች፣ ትልልቆቹ ከዚያም ያልፋሉ። መፈልፈያው ሁለት ወር ገደማ ነው፣ እንደ አፈሩ ሙቀት ይረዝማል ያጥራል። በእነዚህ ሳምንታት ጎጆውን የሚበሉት ቀበሮና ሙንጎስ ናቸው (በአፍሪካ ወንዞች ደግሞ አርጃኖ ዋናው ሌባ ነው)። ስትጥል ካያችኋት ራቅ ብላችሁ ጠብቁ፣ ከጨረሰች በኋላ ቦታውን አትርገጡ፣ ምልክት አታቁሙበት፤ ለተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ደውላችሁ ቦታውን ንገሩ። አጥር ቢያስፈልግ እነሱ ያጥራሉ።

ዳቦውን በተመለከተ ቢቀር ጥሩ ነው። የምትበላው ዓሣ፣ ሸርጣን፣ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪት፣ የውሃ ነፍሳት፣ ጥንብም ጭምር ነው፤ ወደ ውሃ የወደቀ ፍሬም አትንቅም። ዳቦ ሆዷን ይሞላል እንጂ ካልሲየም አይሰጣትም፣ የተረፈው ደግሞ ታች ሰምጦ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል። በቆዳዋ የምትተነፍስ እንስሳ ያለችበት ውሃ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚህም ሌላ የሰው እጅ ምግብ መሆኑን የለመደች 30 ኪሎ ኤሊ ዳቦውንና ጣቱን ለይታ አታይም።

ይህ ወንዝ እዚህ የደረሰው በብዙ ድካም ነው። ከናብሉስ ከተማ በኩል የሚወርደው ፍሳሽ፣ የወይራ ዘይት መጭመቂያ ዝቃጭ ተጨምሮበት፣ ለዓመታት ውሃውን ገድሎት ነበር፤ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከባድ ጎርፍ ብዙዎቹን ኤሊዎች ወደ ባሕር ጠርጎ ወሰደ። የወንዙ ማገገሚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 በአውስትራሊያ የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የወንዝ ሽልማት አግኝቷል። ያም ሆኖ የሜዲትራኒያን ዳርቻዎቹ ኤሊዎች እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል።

ወደ ባሕር ተወስዳ የምትተርፍ ካለች በምን ትተርፋለች ለሚል፣ ይህች ኤሊ ለወንዝ ኤሊ በማይጠበቅ ደረጃ ጨዋማ ውሃ ትችላለች። በቱርክ ዳርቻ በዓሣ አጥማጆች መረብ ከባሕር የተያዙ አሉ። የቻይናዋ ዘመዷ ላይ የታየው ደግሞ የበለጠ ይገርማል፤ ዩሪያን (ሌሎች እንስሳት በሽንት የሚያስወግዱትን የሰውነት ቆሻሻ) በዋነኛነት የምታስወግደው በሽንቷ ሳይሆን በአፏ ነው። ራሷን ውሃ ውስጥ ነክራ አፏን ታጥባለች፣ በሽንት የሚወጣው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ሽንት ለመሥራት ጨዋማ ውሃ መጠጣት አያስፈልጋትም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) ልጄ መዳፍ የምታክል ለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ተገዛለት። ገንዳዋ 40 ሊትር ነው፣ ከታች ጠጠር አለው። በሦስተኛው ሳምንት ጀርባዋ ላይ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ወጣ፣ መብላትም ቀንሳለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ በመጀመሪያ ጠጠሩን ያውጡት። ይህች ኤሊ ቀን ሙሉ ራሷን መቅበር ትፈልጋለች፤ ጠጠር ላይ ለመቀበር ስትታገል ጀርባዋና ሆዷ ይላጣል፣ በተላጠው በኩል ሻጋታና ባክቴሪያ ይገባል። ጠንካራ ቅርፊት ያላቸውን ኤሊዎች የሚጠብቃቸው ንጣፍ እሷ ላይ የለም። ያዩት ነጭ ነገር ከዚህ የመጣ መሆኑን ከደብዳቤዎ መገመት አያዳግትም።

በጠጠሩ ቦታ ደቃቅ የመጫወቻ አሸዋ ያስገቡ፣ ውሃው ጥርት እስኪል ታጥቦ፣ ከ7 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት። ውሃው ለትንሽ ኤሊ ጥልቅ መሆን የለበትም፤ ተቀብራ ሳለች አንገቷን ስትዘረጋ አፍንጫዋ ላዩን መድረስ አለበት። ሙቀቱ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ይሁን። ማሞቂያው መከላከያ ሽፋን ይኑረው፣ ስር እየገባች ስለምትተኛ ባዶ መስታወት ማሞቂያ ያቃጥላታል ወይም ትሰብረዋለች። ማጣሪያው ከገንዳው መጠን ቢያንስ ሁለት እጥፍ ለሚሆን ውሃ የተሠራ ይሁን፣ በሳምንት ሩቡን እስከ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ማጥፊያ ሳይጨመርበት አይግባ። በክሎሪን የተቃጠለ ቆዳ ለእሷ የታመመ ሳንባ ማለት ነው። ፀሐይ የምትሞቅበት ደረቅ መደብ፣ ላዩ 32 ዲግሪ የሚደርስ አምፖልና ዩቪ ቢ (እንደ ፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚሰጥ) መብራት ያስፈልጋል። ዩቪ ቢው ቢበራም እንኳ ኃይሉ ስለሚያልቅ ከ6 እስከ 12 ወር ውስጥ ይቀየራል።

ለሻጋታው፣ በንጹሕ ውሃ ላይ አዮዲን የሌለው ጨው በሊትር 1 ግራም ገደማ መጨመር ቀላል በሆነው ደረጃ ይረዳል። ለሌሎች ኤሊዎች የሚመከረውን ለረጅም ሰዓት ደረቅ ቦታ ማቆየት ግን እሷ ላይ አይሞክሩ፣ ቶሎ ትደርቃለች። ሆዷ ከቀላ፣ ቁስሉ ጎድጎድ ካለ ወይም ሽታ ካመጣ ጨው ጊዜ ማባከን ነው፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል በተሳቢ እንስሳት የሚሠራ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ በዚያው ቀን ይውሰዷት።

ምግቧ ለኤሊ የተዘጋጀ እንክብል መኖ፣ የምድር ትል፣ ቀንድ አውጣ፣ ትናንሽ ዓሣ ነው። ወርቅማ ዓሣ አያብዙ፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም ቫይታሚን ቢ1ን ያፈርሳል። ትንሿን በየቀኑ፣ ትልቋን በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ይመግቡ። ሌላ ዓሣም ሆነ ኤሊ አብሯት አይኑር፣ ወይ ትበላዋለች ወይ ይነክሳታል።

አሁን ደግሞ ሻጩ ያልነገረዎት ነገር። በአሜሪካ ገበያ የሚሸጡት ሴቶች ሲያድጉ፣ ባለ እሾህ ከሆነች ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ የፍሎሪዳዋ ከሆነች 60 ሊደርስ ይችላል። ለእንዲህ ያለች ኤሊ 1,000 ሊትር ገንዳ እንኳ ጠባብ ነው። ልጅዎ ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ተሳቢ እንስሳ ባይኖር ይሻላል፤ ኤሊ ደህና እየመሰለች ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ትይዛለች። ጀርባዋ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊ ለቤት ማሳደጊያ እንዳይሸጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለውም በዚሁ ነው፣ ስለዚህ መዳፍ የምታክለዋ ሻጩ ዘንድም የሚጠየቅ ጉዳይ አላት። ከነኳት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ ገንዳዋም በወጥ ቤት መታጠቢያ አይጽዳ። ማቆየት ካልቻሉ ወደ ፖቶማክ ወንዝ አይልቀቋት፤ የተሳቢ እንስሳት ማዳኛ ፈልገው ያስረክቧት።

ጥያቄ፦ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፣ ሐዋሳ። የኤሊ ፆታ የሚወሰነው በእንቁላሉ ሙቀት ነው ብዬ አስተምራለሁ። ለሁሉም ይሠራል?

መልስ፦ ለብዙዎቹ ይሠራል፣ ለዚህ ቤተሰብ ግን አይሠራም። በለስላሳ ቅርፊቶቹ ፆታ የሚወሰነው በክሮሞሶም ነው፤ በባለ እሾሁና በቻይናዋ ላይ እንደ ዶሮ ሴቷ ሁለት የተለያዩ የፆታ ክሮሞሶሞች (ዜድ-ደብሊው)፣ ወንዱ ሁለት ተመሳሳይ (ዜድ-ዜድ) እንዳሏቸው ተረጋግጧል። ለተማሪዎችዎ ማነፃፀሪያ ከፈለጉ አዞ አለ፤ የእሱ ፆታ በሙቀት ይወሰናል። በአንድ የወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ጎን ለጎን የተቀበሩ የአዞና የለስላሳ ቅርፊት ኤሊ እንቁላሎች ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ይከተላሉ።

ጥያቄ፦ (ዱባይ) ገበያ ላይ ትናንሽ ለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎች ይሸጣሉ። ለዘመዶቼ የዓሣ ኩሬ ሁለት ይዤ ወደ ቢሾፍቱ ብመጣስ?

መልስ፦ አያምጡ። የአፍሪካዋ ዝርያ ከ2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስላለች ያለ ፈቃድ ድንበር አትሻገርም። የቻይናዋ ብትሆን ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው፤ ከኩሬ አጥር ሥር ቆፍራ፣ ዝናብ ባለበት ሌሊት በየብስ ተጉዛ ወደ ቀጣዩ ውሃ መግባት ትችላለች። ኩሬ ውስጥ ያሉትን የቆሮሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩቶችም ትበላቸዋለች።